የአንዲት ሰከንድ ክብደት

ካሜራ ፊት አንድ ሰው ቆሟል እንበል። አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም። ዛሬ «ፉል ኤችዲ» የምንለው ካሜራ ይህን ዝምታ ለአንድ ሰከንድ ቢቀርጸው ምን ያህል መረጃ ይወጣዋል? ሂሳቡ ተራ ማባዛት ነው። ምስሉ አግድም 1920፣ ቁልቁል 1080 ነጥቦች አሉት፤ ሲባዙ 2,073,600 ፒክስል ይሆናሉ። እያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ 8፣ ለአረንጓዴ 8፣ ለሰማያዊ 8፣ በድምሩ 24 ቢት ይፈልጋል። ስለዚህ አንዷ ፍሬም ብቻዋን ወደ 50 ሚሊዮን ቢት ትጠጋለች። በሰከንድ 30 ፍሬም ሲነሣ 1.5 ቢሊዮን ቢት፣ ማለትም 1.5 ጊጋቢት ይመጣል። ሰውየው ገና አፉን አልከፈተም።

በዚህ አያያዝ የሁለት ሰዓት ፊልም 1.3 ቴራባይት ያህል ይይዛል። ትናንት በየሱቁ የምንገዛው ተራ ዲቪዲ የሚችለው 4.7 ጊጋባይት ነበር፤ አንዷን ፊልም ሳትነካካ ለማስቀመጥ ከ280 በላይ ዲቪዲ መደርደር ግድ ይላል። ቁጥሩ ደግሞ የወረቀት ላይ ጨዋታ አይደለም። በቴሌቪዥን ስቱዲዮ ውስጥ ካሜራውን ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ጋር የሚያገናኘው ኤችዲ-ኤስዲአይ የሚባለው መስመር በሰከንድ 1.485 ጊጋቢት እንዲያሳልፍ ተደርጎ ነው የተሠራው። ከካሜራው እስከ መቆጣጠሪያው ክፍል ጥቂት አሥር ሜትሮች ናቸውና ችግር የለም። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ሌላ አህጉር ላይ ሲሆን ነው ጣጣው የሚመጣው።

ይህን ሁሉ ቢት ሩቅ ለማድረስ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቢቱን መቀነስ ሲሆን ክፍያው ጊዜ ነው። ሁለተኛው ቢቱን እንዳለ መልቀቅ ሲሆን ክፍያው ሰፊ መስመር ነው። ከዚህ በኋላ የምናያቸው ዘዴዎች፣ ስማቸው ምንም ቢራቀቅ፣ ወይ ጊዜ ሰጥተው ቢት ያድናሉ፤ ወይ ቢት ሰጥተው ጊዜ ያድናሉ።

ከመቀነሱ እንጀምር። ከሰውየው ጀርባ ያለው ነጭ ግድግዳ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች አሉት፤ ሁሉም ግን የሚሉት አንድ ነገር ነው። እያንዳንዱን ለየብቻ መላክ ብክነት ነው። ብክነቱን በዘዴ የሚያስቀረው ስሌት ዲስክሪት ኮሳይን ትራንስፎርም ይባላል። ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ይከፋፍልና በየካሬው ውስጥ ብርሃኑ እንዴት እንደሚለዋወጥ ያሰላል፤ ቀስ ብሎ የሚለወጠውን ለብቻ፣ ቶሎ ቶሎ የሚለወጠውን ለብቻ ያስቀምጠዋል። ዓይናችን ቀስ ብሎ የሚለወጠውን አጥርቶ ያያል፤ ጥቃቅኑ ቢጓደል ብዙም አይታወቀውም። ስለዚህ ጥቃቅኑ በግምት ይጠጋጋል፣ ከፊሉም ጨርሶ ይጣላል።

የስሌቱ አባት ናሲር አህመድ የተባሉ፣ ሕንድ ተወልደው አሜሪካ በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ መሐንዲስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የምርምር ገንዘብ ጠይቀው ተከለከሉ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ «ሐሳቡ በጣም ቀላል ነው» የሚል አስተያየት እንደሰጠባቸው እሳቸው ራሳቸው ከዓመታት በኋላ ጽፈዋል። ከናታራጃንና ከራኦ ጋር ሆነው በ1974 አሳተሙት። ዛሬ በስልካችን የምናነሣው የጄፔግ ፎቶም፣ የምናየው ቪዲዮም በዚሁ ስሌት ወይም በቅርብ ዘመዶቹ ነው የሚያልፈው። ገምጋሚው አንድ ነገር አልሳተም፤ ሐሳቡ በእርግጥ ቀላል ነው። ባይቀል ኖሮ በየኪሳችን ባልገባ ነበር።

ሁለተኛው ቁጠባ በተከታታይ ምስሎች መካከል ነው። ከአንዷ ፍሬም እስከ ሌላዋ 33 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ በዚህች ቅጽበት ግድግዳው የትም አይሄድም። ስለዚህ ኮዴኩ፣ ማለትም ቪዲዮውን የሚያምቀው ሥርዓት፣ ሙሉውን ምስል የሚልከው አልፎ አልፎ ነው፤ እሱ አይ-ፍሬም ይባላል። ተከትለውት የሚመጡት ፒ-ፍሬሞች «ካለፈው የተለወጠው ይህ ይህ ነው» ብለው ያልፋሉ። ከሁሉም ቆጣቢው ቢ-ፍሬም ነው፦ ከበፊቱም ከሚቀጥለውም ምስል እየተዋሰ የመሀሉን ይሠራል። ግን ካሜራው ገና ያላነሣውን ምስል ከየት አምጥቶ ይዋሳል? ከየትም። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ቢ-ፍሬም በገባ ቁጥር ካሜራው ያየው ነገር ወዲያው አይላክም፤ ቀጣዩ እስኪመጣ ይታገታል። አንድ ፍሬም 33 ሚሊሰከንድ፣ ሦስት ፍሬም 100 ሚሊሰከንድ እያለ ይሄዳል። ጊዜው የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው።

በምላሹ የሚገኘው ግን ቀላል አይደለም። በሰከንድ 24 ፍሬም ያለው የ4ኬ ፊልም ሳይታመቅ 4.8 ጊጋቢት በሰከንድ ይፈልጋል። ኔትፍሊክስ ይህንኑ ጥራት ለማየት 15 ሜጋቢት ያለው መስመር ይኑራችሁ ነው የሚለው፤ ሦስት መቶ ጊዜ ያህል ያነሰ ማለት ነው። ኤች.264 የተባለው ኮዴክ በ2003፣ ኤችኢቪሲ በ2013፣ ኤቪ1 በ2018 እየመጡ ቁጠባውን ወደ ላይ ገፍተውታል፤ እያንዳንዱም ከበፊቱ ይልቅ ብዙ ስሌት ይጠይቃል።

የመቀነስ ሌላው መዘዝ ስሕተት ሲገባ ይታያል። ቤቱ ዲሽ ያለው ሰው ይህን በክረምት አይቶታል፤ ዝናቡ ሲበረታ የተዋናይዋ ፊት ወደ ካሬዎች ይበታተናል፣ ግማሽ ፊቷ ባለፈው ቦታ ተጣብቆ ይቀርና ከንፈሯ ለብቻው ወዲያ ማዶ ይንቀሳቀሳል። የጠፋው ጥቂት ቢት ሊሆን ይችላል። ግን እያንዳንዱ ፒ-ፍሬም ባለፈው ላይ የቆመ ስለሆነ አንዱ ከተበላሸ ተከታዮቹም ብልሽቱን ይወርሳሉ፤ ፊቷ የሚመለሰው ቀጣዩ ሙሉ ምስል ሲደርስ ነው። ያልታመቀ ቪዲዮ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። ተቆራርጦ ከሚላክባቸው ቁርጥራጮች (ፓኬቶች) አንዱ ቢጠፋበት ከአንዷ ፍሬም ላይ ጥቂት መቶ ፒክስል ይጎድላል፤ በ33 ሚሊሰከንድ ውስጥም አዲስ ፍሬም ይመጣና ይሸፍነዋል። ተመልካቹ ልብም አይል።

ለዚህ ሲሉ ሁለተኛውን መንገድ፣ ቢቱን እንዳለ መልቀቅን፣ የመረጡ ሰዎች ነበሩ። በ1996 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ኢንተርኔት2 የተባለ ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1999 ደግሞ አቢሊን የተባለው የምርምር ኔትወርካቸው ሥራ ጀመረ። የዋናው መስመር አቅም በሰከንድ 2.5 ጊጋቢት ነበር። የዚያን ጊዜ አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የሚያገኘው በስልክ መስመር በ56 ኪሎቢት ነበርና ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም አንድ ያልታመቀ የኤችዲ ቪዲዮ ከአገር አቀፉ መስመር ከግማሽ በላይ ብቻውን ይውጣል። ጤናማ ሰው የሚያስበው ነገር አይመስልም። ተመራማሪዎቹን የሳባቸውም ይኸው ነበር፦ ኔትወርክን ለመፈተን እንዲህ ያለ ጨካኝ ሸክም ከየት ይገኛል? በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስስ ኢንስቲትዩት በ2000ዎቹ መጀመሪያ አልትራግሪድ የተባለውን ሶፍትዌር ሠሩ፤ ሥራው ከገበያ በሚገዛ ኮምፒውተር ኤችዲ ቪዲዮን ሳያምቁ በአይፒ ኔትወርክ ላይ መልቀቅ ነው። አልትራግሪድ እስከ ዛሬ በሕይወት አለ፤ የቼክ ሪፐብሊኩ የምርምር ኔትወርክ ሴስኔት ያሳድገዋል።

ሥራቸውን ቀረብ ብለን እንየው። ኔትወርክ ቪዲዮ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው ፓኬት ነው። አንድ ተራ የኢተርኔት ፓኬት የሚይዘው 1500 ባይት ያህል ነው፤ አድራሻውና ሌላው መለያ ሲቀነስ ለቪዲዮው 1400 ቢቀር ነው። 1.485 ጊጋቢት በዚህ ሲከፋፈል በሰከንድ 132 ሺህ ፓኬት ይሆናል። በየ7.5 ማይክሮሰከንዱ አንድ ፓኬት ሳያቋርጥ ከኮምፒውተሩ መውጣት አለበት። ተቀባዩ ቅደም ተከተላቸውን የሚያውቀው እያንዳንዱ ፓኬት ላይ በሚጻፍ ተራ ቁጥር ነው። ቁጥሩን የደነገገው አርቲፒ የተባለው ደንብ በ1996 ሲወጣ 16 ቢት ተመደበለት፤ ከ0 እስከ 65,535 ይቆጥርና እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በሰከንድ 50 ፓኬት ለሚልክ የስልክ ንግግር አንዱ ዙር 22 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ማንም አይቸገርም። ለእኛ ቪዲዮ ግን ዙሩ በግማሽ ሰከንድ ያልቃል። መስመሩ ለግማሽ ሰከንድ ቢያደናቅፍ ተቀባዩ የያዘው ፓኬት የአሁኑ ዙር ይሁን ያለፈው መለየት ያቅተዋል። ላዳን ጋራይና ኮሊን ፐርኪንስ በ2005 ያልታመቀ ቪዲዮ በአርቲፒ እንዴት እንደሚላክ የሚደነግገውን ሰነድ ሲጽፉ ሌላ 16 ቢት ጨመሩበት፤ ዙሩ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተራዘመ። ደንቡን በ1996 የጻፉት ሰዎች ፓኬት በዚህ ፍጥነት ይጎርፋል ብለው ቢጠረጥሩ ኖሮ ገና ከመነሻው ሰፊ ቦታ በተዉለት ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው የመጥፋት ጉዳይ ነው። ከአሥር ሺህ ፓኬት አንዱ ቢጠፋ ጥሩ መስመር ነው የምንል ብዙ ነን። በ132 ሺህ ፍጥነት ግን ይህ በየሰከንዱ 13 ፓኬት ነው። ኢሜይል ሲሆን አያሳስብም፤ ቲሲፒ የተባለው ደንብ የጠፋውን «ድገመው» ብሎ ያስልከዋል። ጥያቄው ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ግን ጊዜ አለ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ የሚሮጠው በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ እስከ ምዕራቡ 4,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን ደርሶ መልስ 40 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የተደገመው ፓኬት ሲደርስ የእሱ ፍሬም ታይታ አልፋለች።

ለዚህ የተለመደው መድኃኒት ባፈር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሮቶ ላለው ቤት ባፈርን ማስረዳት አያስቸግርም። ውሃ በመጣ ሰዓት ሮቶው ይሞላል፤ ሲቋረጥ ቤቱ ከሮቶው ይጠቀማል፤ ከቧንቧው የሚወርደው አይቆምም። ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ ስንከፍት ከመጀመሩ በፊት ትንሽ የሚያስጠብቀን ሮቶውን እየሞላ ስለሆነ ነው፤ ክቧ ምልክት መሽከርከር የጀመረች እንደሆነ ሮቶው ባዶ ሆኗል። ኔትፍሊክስ ከዚህም አልፎ ከ2012 ጀምሮ ፊልሞቹን የያዙ ማሽኖችን በየአገሩ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ግቢ ያስቀምጣል፤ ሮቶው ከቤቱ ጎን ቆመ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን አንርሳ፤ ከሮቶ የሚቀዳው ውሃ ዛሬ የመጣው አይደለም። ባፈሩ በሰፋ ቁጥር የምናየው ምስል እየቆየ ይሄዳል።

ሌላው መድኃኒት ቢት ማባከን ነው። ከየጥቂት ፓኬቱ ጋር በስሌት የተሠሩ ትርፍ ፓኬቶች ይላካሉ፤ ከመሀል የጠፋ ቢኖር ተቀባዩ ከቀሩት አስልቶ ራሱ ይሞላዋል። ድፍረቱ ካለ ደግሞ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ መላክ ይቻላል። የቴሌቪዥን መሐንዲሶች ማኅበር ኤስኤምፒቲኢ 2022-7 ብሎ ባወጣው ደረጃ መሠረት አንዱ ቪዲዮ በሁለት የተለያዩ መንገዶች ይሄዳል፤ ተቀባዩ ቀድሞ የደረሰውን ፓኬት ይወስዳል፣ በአንዱ መንገድ የጠፋውን ከሌላው ያገኛል። ያለ ልክ ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን የሚጠበቀው በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለችው ጥቂት የርዝመት ልዩነት ብቻ ናት። መስመር ሲረክስ ጊዜ ይወደዳል። ይኸው ማኅበር በ2017 ባወጣው 2110 በተባለው ደረጃ የስቱዲዮው ገመድ ራሱ በኔትወርክ መተካት ጀምሯል፤ ያልታመቀው ቪዲዮ ዛሬ በአዳዲሶቹ ስቱዲዮዎች ውስጥ በስዊች ነው የሚያልፈው።

የትኛው መድኃኒት ለየትኛው ሥራ ነው ቢባል፣ መልሱ ከወዲያ ማዶ የሚሰማ ሰው አለ ወይስ የለም በሚለው ይወሰናል። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ማብቂያ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ትምህርት እናስታውስ። ምስሉ በሳተላይት ይመጣ ነበር፤ 36,000 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ወጥቶ ያንኑ ያህል ለመውረድ ሩብ ሰከንድ ይወስድበታል። በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ ሩብ ሰከንዷ ያማረረ ተማሪ አልነበረም። ያማረሩት የፕላዝማዋ አስተማሪ ጥያቄ ጠይቃ፣ ጥቂት ዝም ብላ፣ ራሷ መልሳ ስለምታልፍ ነበር። ለማትሰማ አስተማሪ ሩብ ሰከንድም ሩብ ሰዓትም አንድ ነው።

ሰው ከሰው ሲነጋገር ግን ነገሩ ይለወጣል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ በታች የሆነ መዘግየት ለአብዛኛው ንግግር ደህና ነው ይላል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በቀጥታ ቢለካ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብርሃን በፋይበር 57 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እናትና ልጅ በስክሪን ሲነጋገሩ ጎን ለጎን የተቀመጡ ያህል ይቀላቸው ነበር። ማመቁ፣ ባፈሩና የመስመሩ ዙሪያ ጥምጥም ሲደመሩበት ግን 150ው ያልፋል። ያን ጊዜ ሁለቱም እኩል ይጀምራሉ፣ ሁለቱም እኩል ያቆማሉ፤ «በይ ቀጥይ»፣ «አይ እማዬ፣ አንቺ ቀጥይ» ሲባባሉ ደግሞ እንደገና ይጋጫሉ። ኔትወርኩ አልተቆረጠም፣ ምስሉም ጥርት ያለ ነው። የተጓደለው ጊዜ ነው።

ከንግግርም የከፋ ፈተና አለ፦ ሙዚቃ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክሪስ ቼፍና ባልደረቦቻቸው በ2004 ያሳተሙት ጥናት ሁለት ሰዎችን በተለያየ ክፍል አስቀምጦ አብረው እንዲያጨበጭቡ አደረገ፤ በመካከላቸው ያለውን መዘግየት እየለዋወጠም ምታቸውን ለካ። መዘግየቱ 11.5 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲሆን ምቱ ይረጋል። ሲያንስ ምቱ እየፈጠነ ይሄዳል፤ ሲበዛ እየተጎተተ ይሄዳል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ የሌላውን ጭብጨባ ዘግይቶ ስለሚሰማ ሊጠብቀው ይሞክራል፣ ያኛውም እንዲሁ። ድምፅ በአየር ውስጥ በ11.5 ሚሊሰከንድ አራት ሜትር ያህል ይጓዛል። አዝማሪ ቤት ውስጥ በማሲንቆው ተጫዋችና ከፊቱ ተቀምጦ በሚያጨበጭበው ታዳሚ መካከል የሚኖረው ርቀት ያህል መሆኑ ደስ ይላል።

በጣሊያኗ ትሪየስተ ከተማ የሚገኘው የታርቲኒ ኮንሰርቫቶሪ ከአገሪቱ የምርምር ኔትወርክ ጋር ሆኖ ሎላ የተባለውን ሥርዓት የሠራው ለዚህ ነው። ትሪየስተ ያለ ሙዚቀኛ ሌላ ከተማ ካለ ሙዚቀኛ ጋር አብሮ እንዲጫወት። በ2010 ፓሪስ በሚገኘው ኢርካም በተባለው የሙዚቃ ምርምር ተቋም በይፋ ታየ። ሎላን ስናየው እስካሁን የቆጠርናቸውን ምቾቶች አንድ በአንድ ሲጥል እናገኘዋለን። ማመቅን ይሸሻል፤ ኮዴክ ያስጠብቃል። ባፈሩ ከምንም የማይቆጠር ነው። የጠፋ ፓኬት አይደገምም። ምስሉ ትልቅ እንዲሆን አይጨነቅም፤ 640 በ480 ፒክስል፣ ካስፈለገም ጥቁርና ነጭ ቢሆን ይበቃዋል። ይህች ትንሽ ምስል ሳትታመቅ፣ በጥቁርና ነጭ በሰከንድ 60 ፍሬም ስትላክ 147 ሜጋቢት ትፈጃለች። ያንኑ መስመር ኔትፍሊክስ ቢያገኘው ዘጠኝ የ4ኬ ፊልሞችን ጎን ለጎን ባሳየበት ነበር። ለአንድ ቫዮሊን ተጫዋች ግን ከዘጠኙ ፊልም ይልቅ የጓደኛው ቀስት ያረፈበት ቅጽበት ይበልጥበታል።

ቀሪው የካርታ ጉዳይ ነው። ሙዚቀኞች እስከ 25 ሚሊሰከንድ ይችላሉ ብንል በፋይበር 5,000 ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባና ዋሽንግተን የዚህ ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሆኑ ለእስክስታ በሁለቱ ከተሞች ሆኖ አብሮ ማጨብጨብ ምንም ዓይነት ኔትወርክ ቢዘረጋ አይሳካም፤ የብርሃንን ፍጥነት የሚያሻሽል ቴሌኮም የለም። አዲስ አበባና ናይሮቢ ግን 1,160 ኪሎ ሜትር ግድም ነው የሚራራቁት፤ 6 ሚሊሰከንድ። ክራሩ እዚህ፣ ከበሮው እዚያ ሊሆን ይችላል፤ መስመሩ በቀጥታ ከሄደ። በአፍሪካ ለብዙ ጊዜ መረጃ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚሄደው በአውሮፓ በኩል ዞሮ ነበር። ለንደን ደርሶ የሚመለስ ፓኬት 12,700 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ 6ቷ ሚሊሰከንድ 63 ትሆናለች። የመስመሩን አቅም ከአንድ ጊጋቢት ወደ መቶ ማሳደግ ከዚህ ላይ አንዲት ሚሊሰከንድ አይቀንስም። የሚቀንሰው ሁለቱ አገሮች እዚሁ ክፍለ አህጉር ውስጥ መገናኘታቸው ነው።

እንበልና ተገናኙ፤ 6 ሚሊሰከንድ ተገኘ። አሁን ወደ ካሜራው እንመለስ። በሰከንድ 60 ፍሬም የሚያነሣ ካሜራ አንዷን ፍሬም አንሥቶ እስኪጨርስ 16.7 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን አንዷን ፍሬም አሳይቶ እስኪጨርስ ሌላ 16.7 ይፈጃል። ሁለቱ ሲደመሩ 33 ደርሰዋል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ ካለው መንገድ ከአምስት እጥፍ በላይ። ሎላ ያነሣውን ወዲያው የሚያስረክብ የፋብሪካ ካሜራ የሚመርጠው፣ ድምፁንም ምስሉን ሳይጠብቅ የሚለቀው ለዚህ ነው። የሳሎን ቴሌቪዥን ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ቀለሙን ለማድመቅ፣ እንቅስቃሴውን ለማለስለስ ሲል ጥቂት ፍሬሞችን ይዞ ያቆያል፤ ሻጩ «ምስሉ እንዴት እንደሚያምር እየው» የሚለን ይህንኑ ነው። ፕለይስቴሽን የሚጫወቱ ልጆች ነገሩን ቀድመው አውቀውታል፤ ሪሞቱን አንሥተው ሜኑ ውስጥ ይገቡና ቴሌቪዥኑን «ጌም ሞድ» ላይ ያደርጉታል። ማሳመሩ ይጠፋል፣ ምስሉ ትንሽ ይደርቃል፣ ኳሷም በተመታችበት ሰዓት ትሄዳለች።